የመጀመሪያ እትም ሳይታለሉ ለመግዛት፦ ከፍለጋ እስከ መደርደሪያ

አዲስ ሰብሳቢ የሚሳሳተው በአብዛኛው አንድ ቦታ ላይ ነው። የቅጂ መብት ገጹ (ከርዕስ ገጹ ጀርባ ያለው) ላይ «የመጀመሪያ እትም» የሚል ያነብባል፣ ልቡ ይዘልላል፣ ይከፍላል። ልባሱን፣ የቁጥር መስመሩን፣ የጎደለውን ቅጠል የሚያየው መጽሐፉ ቤቱ ከገባ፣ የመመለሻ ጊዜውም ካለፈ በኋላ ነው። ጥፋቱ የእውቀት ማነስ ብቻ አይደለም። የወደድነውን መጽሐፍ ይዘን ስንመረምር ዓይናችን የሚያሳየን ማየት የምንፈልገውን ነው። ስለዚህ አንድ ቅጂ እውነተኛ መሆኑን የሚያስረዱት ምልክቶች ሁሉ፣ ቅጂው በዓይን ከመታየቱ በፊት በወረቀት ላይ መስፈር አለባቸው። ከታች ያለው አሠራር በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሥሩ። ሁለተኛውን የዘለለ ሰው አራተኛውን መሥራት አይችልም። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ቃላቱንና መሣሪያዎቹን አዘጋጁ

«እትም» እና «ዙር» አንድ አይደሉም

በአማርኛ «እትም» የሚለውን ቃል ለሁለት ነገር እንጠቀምበታለን፤ ብዙ ግራ መጋባት የሚጀምረውም እዚህ ነው። ለዚህ ሥራ ሲባል ለዩአቸው።

• እትም፦ ከአንድ የፊደል ለቀማ የወጡ ቅጂዎች በሙሉ። ፊደሉ እንደገና እስካልተለቀመ ወይም ጽሑፉ በጉልህ እስካልተሻሻለ ድረስ እትሙ ያው ነው።
• ዙር፦ በአንድ ጊዜ የታተሙት ቅጂዎች። አንድ እትም አሥር ዙር ሊታተም ይችላል።
• መለያ ነጥብ፦ አንዱን ዙር ከሌላው፣ አንዳንዴም በአንድ ዙር ውስጥ ቀድሞ የወጣውን ቅጂ ኋላ ከወጣው የሚለይ ምልክት። የፊደል ስሕተት፣ የጥራዙ ጨርቅ ቀለም፣ በልባሱ ላይ ያለ ቃል ሊሆን ይችላል።
• ልባስ፦ በጠንካራው ሽፋን ላይ የሚለበሰው፣ ጫፎቹ ወደ ውስጥ የሚታጠፉት ወረቀት።

ሰብሳቢ የሚፈልገው የመጀመሪያውን እትም የመጀመሪያ ዙር ነው። ሻጭ «የመጀመሪያ እትም» ብሎ ካቆመ የነገራችሁ ግማሹን ብቻ ነው። አልዋሸም ይሆናል፤ የመጀመሪያው እትም ዘጠነኛ ዙርም በቃሉ ትርጉም የመጀመሪያ እትም ነውና።

ከአጠገባችሁ የሚቀመጡ

• 10 ጊዜ የሚያጎላ የእጅ ማጉያ መነጽር
• አልትራቫዮሌት ብርሃን የሚሰጥ ትንሽ የእጅ ባትሪ
• በሚሊሜትር የተከፈለ ማስመሪያ
• ለስላሳ እርሳስ። እስክሪብቶ በጠረጴዛው ላይ ፈጽሞ አይገኝ።
• ንጹሕ ጨርቅ የተዘረጋበት ጠረጴዛ፣ በቂ ብርሃን ያለበት ቦታ

እጃችሁን ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። ነጭ ጓንት አታድርጉ። ጓንት የጣትን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ቅጠል ያስቀድዳል፤ የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍትን የመሳሰሉ ታላላቅ ተቋማትም ለመጻሕፍት የሚመክሩት ንጹሕና ደረቅ እጅ ነው።

ደረጃ 2፦ የመለያ ካርዱን ጻፉ

መጀመሪያ የምትሰበስቡትን አጥብቡ። አንድ ደራሲ፣ አንድ ዘውግ ወይም አንድ አሥርት ዓመት ይበቃል። ሁሉን የሚሰበስብ ሰው የማንንም አሳታሚ ልማድ በቅጡ አያውቅም።

ከዚያ ለምትፈልጉት ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ካርድ አዘጋጁና አምስት ነገር አስፍሩበት።

1. መጀመሪያ የወጣበት አገር፣ አሳታሚ፣ ዓመት

አንድ መጽሐፍ በሁለት አገር በተለያየ ጊዜ ሊወጣ ይችላል። ቀድሞ የወጣው የት እንደሆነ አረጋግጡ። የቺኑዋ አቼቤ «ቲንግስ ፎል አፓርት» ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። መጀመሪያ የወጣው በ1958 ለንደን ውስጥ ሃይነማን በተባለው አሳታሚ፣ በጠንካራ ሽፋን ነው። በ1962 ደግሞ ይኸው አሳታሚ የአፍሪካ ደራስያንን ተከታታይ በወረቀት ሽፋን ሲጀምር ይህን መጽሐፍ ቁጥር 1 አደረገው። ያ የ1962 ቅጂ በራሱ የሚፈለግ ነው፤ ግን የመጀመሪያው እትም አይደለም። ካርዱ «1958፣ ለንደን፣ ጠንካራ ሽፋን» ካለ ውዥንብሩ ሳይጀመር ያበቃል።

2. የአካሉ መግለጫ

የጥራዙ ጨርቅ ቀለም፣ ቁመቱ በሚሊሜትር፣ የገጹ ብዛት፣ ሥዕል ካለው የሥዕሎቹ ቁጥር። ልባስ ይዞ ወጥቶ እንደሆነም ጻፉ፤ ሁሉም መጽሐፍ ልባስ አልነበረውም። የመጀመሪያው የሃሪ ፖተር መጽሐፍ በ1997 በብሉምስበሪ ሲወጣ የጠንካራ ሽፋኑ የመጀመሪያ ዙር 500 ቅጂ ብቻ ነበር፤ ሥዕሉም ሽፋኑ ላይ ታትሞ እንጂ በልባስ አልመጣም። ይህን በካርዱ ላይ የጻፈ ሰው «ከኦሪጅናል ልባሱ ጋር» የሚል ማስታወቂያ ሲያይ ወዲያው ያልፈዋል።

3. የአሳታሚው ምልክት አሰጣጥ

ብዙዎች የሚሰናከሉበት ስለሆነ ከታች በተናጠል አስፍቼዋለሁ።

4. መለያ ነጥቦች፣ ከገጽና ከመስመር ቁጥር ጋር

«ገጽ 53 ላይ ስሕተት አለ» ብላችሁ አትለፉ፤ ስሕተቱን ቃል በቃል ጻፉት። ከላይ ባነሣሁት የሃሪ ፖተር መጽሐፍ ገጽ 53 ላይ ባለው የትምህርት ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ «አንድ በትር» የሚለው ሁለት ጊዜ ተጽፏል። የኤፍ ስኮት ፊትዝጄራልድ ልብ ወለድ «ዘ ግሬት ጋትስቢ» ደግሞ በ1925 ሁለት ዙር ታትሟል፤ ርዕስ ገጹ ላይ ያለው ዓመት በሁለቱም ያው ነው። ከሚለያዩአቸው አንዱ ገጽ 205 ላይ የሚገኘው «ሲክ ኢን ታየርድ» የሚል ሐረግ ነው፤ በሁለተኛው ዙር ታርሟል። ልባሱ ጀርባ ላይም የባለታሪኩ ስም «ጄይ» በላቲኑ ትንሽ ፊደል ተጀምሮ ነበር፤ በብዙ ቅጂዎች ላይ በእጅ በቀለም ተስተካክሏል። ይህን ያህል ዝርዝር የሌለው ካርድ አይሠራም።

5. የልባሱ መግለጫ

በውስጠኛው እጥፋት ላይ የታተመው ዋጋ፣ በጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ፣ ማስታወቂያ የወጣላቸው ሌሎች መጻሕፍት ስም።

መረጃውን ከየት ታገኛላችሁ?

ቀዳሚው ምንጭ የደራሲው ቢብሊዮግራፊ ነው፤ ይህም የእያንዳንዱን መጽሐፍ ዙርና መለያ ነጥብ ባለሙያ አንድ በአንድ የመዘገበበት ጥናት ነው። በትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ቀጥሎ የታወቁ የጨረታ ቤቶች የቀድሞ ካታሎጎች ይመጣሉ። በኢንተርኔት ገበያ ላይ ያሉ የሻጮችን መግለጫዎች እንደ ምንጭ አትያዙ፤ አንዱ ከሌላው ስለሚገለብጥ ሃያ መግለጫ አንድ ስሕተት ሲደግም ሃያ ምስክር ይመስላል። እያንዳንዱ ነጥብ አንዱ ከሌላው ያልገለበጡ ሁለት ምንጮች ይኑሩት።

ቢብሊዮግራፊ ከሌለስ? አሳታሚው በዚያው ዓመትና በቅርብ ዓመታት ያወጣቸውን ሌሎች መጻሕፍት አምስት ስድስት ያህል አሰባስባችሁ የቅጂ መብት ገጻቸውን አስተያዩ። ልማዱ ከዚያ ይወጣል። በካርዱ ላይ ግን «በግምት» ብላችሁ ጻፉ፤ ያን ቃል ዋጋ ስትደራደሩም አትርሱት።

የአሳታሚ ምልክቶችን ማንበብ

የቁጥር መስመር። በዘመናዊ መጻሕፍት የቅጂ መብት ገጽ ግርጌ «10 9 8 7 6 5 4 3 2 1» የሚል ተከታታይ ቁጥር ታገኛላችሁ። ዙሩን የሚነግራችሁ ትንሹ ቁጥር ነው። አዲስ ዙር በታተመ ቁጥር ትንሹ ይነሣል፤ ከተዘጋጀ የማተሚያ ሰሌዳ ላይ ቁጥር መፋቅ አዲስ ከመጨመር ይቀልላልና። ስለዚህ «10 9 8 7 6 5 4» ካያችሁ አራተኛ ዙር ነው፤ ከላዩ «የመጀመሪያ እትም» ቢልም ባይልም።

የተበተነ መስመር። «1 3 5 7 9 10 8 6 4 2» የሚለውን አይታችሁ አትደንግጡ። ከግራና ከቀኝ እያፈራረቁ የሚፍቁ አሳታሚዎች አደራደር ነው። 1 ካለበት የመጀመሪያ ዙር ነው።

ከ2 የሚጀምር መስመር። ራንደም ሃውስ ለረጅም ዓመታት የመጀመሪያውን ዙር የለየው «ፈርስት ኢዲሽን» በሚሉት ቃላትና ከ2 በሚጀምር የቁጥር መስመር ነው። በሁለተኛው ዙር የሚነሡት ቃላቱ ናቸው፤ 2 ቁጥር እዚያው ይቀራል። ይህን የማያውቅ ሰው በሁለት በኩል ይጎዳል፤ እውነተኛውን የመጀመሪያ ዙር ይተወዋል፣ ሁለተኛውንም ሲገዛ ምን እንደገዛ አያውቅም።

ፊደል። ስክሪብነርስ ከ1930 ጀምሮ ለመጀመሪያው ዙር «ኤ» የምትባለውን የላቲን ፊደል በቅጂ መብት ገጹ ላይ ያስቀምጥ ነበር። ጋትስቢ የወጣው በዚሁ አሳታሚ ቢሆንም ከዚያ ዓመት በፊት ስለሆነ በእሱ ላይ «ኤ» አትፈልጉ። የአሳታሚ ልማድ ከነዘመኑ ካልተያዘ ያሳስታል።

ዝምታ። ብዙ የብሪታንያ አሳታሚዎች «ፈርስት ፐብሊሽድ» (መጀመሪያ የታተመ) ብለው ዓመቱን ይጽፉና ከሥሩ ሌላ ዙር ካልተዘረዘረ የመጀመሪያው ነው ማለት ነው። ከሥሩ «ሪፕሪንትድ» (ዳግም የታተመ) ወይም «ሰከንድ ኢምፕረሽን» (ሁለተኛ ዙር) ካለ አይደለም።

የመጽሐፍ መለያ ቁጥር፣ አይኤስቢኤን የሚባለው፣ ዙርን አይናገርም። የሚጠቅማችሁ ለዘመን ምርመራ ነው። ቁጥሩ በሥራ ላይ የዋለው በ1970 አካባቢ ስለሆነ በ1950 ታትሟል በተባለ ልባስ ላይ ከታየ ልባሱ የዚያ ዘመን አይደለም። ባለ 13 አሐዝ ከሆነ ደግሞ የመጣው ከ2007 ዙሪያ ወዲህ ነው።

ደረጃ 3፦ ሻጩን ጠይቁ

የብርቅዬ መጻሕፍት ነጋዴዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር በ1947 የተመሠረተ ሲሆን አባላቱ ለሚሸጡት መጽሐፍ መግለጫ ትክክለኛነት ኃላፊነት ይወስዳሉ። ለመጀመሪያ ግዢ ከአባል ነጋዴ መግዛት የበለጠ ቢያስከፍልም እኔ የምመክረው እሱን ነው። ከሌላ የምትገዙ ከሆነ እነዚህን በጽሑፍ ጠይቁ፤ በቃል የተሰጠ መልስ አይቆጠርም።

1. የርዕስ ገጹንና የቅጂ መብት ገጹን ሙሉ ፎቶ። ከፊሉ የተቆረጠ ፎቶ አትቀበሉ።
2. በካርዳችሁ ላይ ያለውን የመለያ ነጥብ ገጽ ፎቶ። የምትፈልጉትን ቃል አትንገሩት፤ የገጹን ቁጥር ብቻ ጥቀሱ።
3. የልባሱን ፊት፣ ጀርባ፣ አከርካሪ (መደርደሪያ ላይ ሲቆም ርዕሱ የሚነበብበት ጎን) እና ሁለቱንም እጥፋቶች።
4. የጠንካራውን ሽፋን ጀርባ ያለ ልባስ።
5. ሁሉም ቅጠሎች፣ ባዶዎቹ ጭምር፣ መኖራቸውን።
6. የተጠገነ፣ የተቀባ ወይም የተተካ ነገር መኖር አለመኖሩን።
7. ትክክለኛ ሆኖ ካልተገኘ መመለስ የሚቻልበትን የቀን ብዛት።

ሻጩ «ስለ መጽሐፍ አላውቅም» ቢላችሁ አትሽሹ፤ ፎቶዎቹ ከመጡ ካርዳችሁ ይበቃል። ፎቶ እምቢ ካለ፣ ወይም የላከው ፎቶ ከሌላ ማስታወቂያ የተወሰደ ከሆነ ግን ግዢውን ተዉት። ሌላ ቅጂ ይመጣል።

የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ያለበትን መጽሐፍ «ተሰርዟል» ወይም «ከክምችት ወጥቷል» የሚል ምልክት ከሌለው አትግዙ። የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። ከላይ የጠቀስኩት ማኅበር የጠፉና የተሰረቁ መጻሕፍት መዝገብ ስላለው ውድ ግዢ ሲሆን ፈልጉበት። በሚያጠራጥር ቦታ ማኅተም ተፍቆ ወይም ከርዕስ ገጹ ላይ ጥግ ተቆርጦ ካያችሁም ያው ነው።

የሁኔታ ቃላትን አትመኑ፣ ተርጉሙ

በንግዱ ያሉት ደረጃዎች ከላይ ወደ ታች ፋይን፣ ኒር ፋይን፣ ቬሪ ጉድ፣ ጉድ፣ ፌር፣ ፑር ናቸው። «ጉድ» በቀጥታ ትርጉሙ «ጥሩ» ቢሆንም በዚህ ንግድ ውስጥ በደንብ ያረጀ ማለት ነው። ሁለት ደረጃ በመስመር ተለይቶ ከተጻፈ የመጀመሪያው የመጽሐፉ፣ ሁለተኛው የልባሱ ነው። ሁለተኛው ካልተጻፈ ልባስ የለውም ብላችሁ ገምቱና ጠይቁ።

ደረጃ 4፦ መጽሐፉ ሲደርስ መርምሩ

በደረሰበት ቀን መርምሩ። የመመለሻው ቀን መቁጠር የሚጀምረው ያኔ ነው። መጠቅለያውን ስትከፍቱ ፎቶ አንሡ፤ በጉዞ የተጎዳ ከሆነ ማስረጃችሁ እሱ ነው። መጽሐፉን ከ90 ዲግሪ በላይ አትክፈቱ፤ ከግራና ከቀኝ የታጠፈ ጨርቅ ደግፉት።

4.1 ጽሑፉ

ካርዱን በግራ፣ መጽሐፉን በቀኝ አድርጉ። የቅጂ መብት ገጹን ከካርዱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ፣ ከዚያ መለያ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ምልክት እያደረጋችሁ እለፉ። አንዱ ቢጎድል «ምናልባት» አትበሉ። አቁሙና ምንጩን እንደገና አንብቡ። ልዩነቱ ከቀጠለ ወደ 5ኛው ደረጃ ሂዱ።

4.2 የመጽሐፍ ክበብ ቅጂ መሆኑን መለየት

ለአባሎቻቸው በቅናሽ የሚያከፋፍሉ የመጽሐፍ ክበቦች ከአሳታሚው ቅጂ ጋር በጣም የሚመሳሰል መጽሐፍ ያሳትሙ ነበር። ከአሳታሚው ሰሌዳ ስለሚታተም «ፈርስት ኢዲሽን» የሚለው ጽሑፍ ሳይቀር ሊገኝበት ይችላል። ለመለየት፦

• የልባሱን እጥፋት ዋጋ ፈልጉ። የክበብ ቅጂ በአብዛኛው ዋጋ የለውም።
• የጠንካራውን ሽፋን ጀርባ፣ ከአከርካሪው አጠገብ ያለውን የታችኛውን ጥግ በጣት ዳስሱ። ቀለም የሌለው ጎድጎድ ያለ ነጥብ፣ አራት ማዕዘን ወይም ሌላ ትንሽ ምልክት ካለ የክበብ ቅጂ ነው።
• ቁመቱን ለኩ። ብዙ ጊዜ ያጥራል፣ ይቀልላልም።

ጎድጎድ ያለው ምልክት ከተገኘ ሌላው ሁሉ ቢገጥምም የፈለጋችሁት ቅጂ አይደለም፤ የዋጋ አለመኖርና የቁመት ማጠር ግን ጥርጣሬ ናቸው፣ ከካርዱ ጋር አስተያዩአቸው።

4.3 ልባሱን ከመጽሐፉ ለይታችሁ መርምሩ

በዘመናዊ የመጀመሪያ እትሞች የዋጋው ትልቁ ክፍል ያለው በዚህ ስስ ወረቀት ላይ ነው። በዚህም ምክንያት አታላይ የሚደክመው በልባሱ ላይ ነው። እኔ ከዓመታት በፊት የ1930ዎቹን አንድ ልብ ወለድ ከነልባሱ ስገዛ መጽሐፉን ገጽ በገጽ አየሁ፣ ልባሱን ግን ወደድኩትና ዝም አልኩ። በማጉያ ያየሁት ከአራት ወር በኋላ ነበር። ፊደሎቹ በሙሉ ከጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች የተሠሩ ነበሩ፤ ከሌላ ልባስ በኮምፒውተር የተቀዳ ነው። ሻጩ የመመለሻ ጊዜው አልፏል አለ፤ በውላችን መሠረት ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልባስን ሁልጊዜ አውልቄ፣ ብቻውን ዘርግቼ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የማየው።

ሀ. የፕላስቲክ መሸፈኛ ካለው አውጡት። ምርመራውን ያዛባል።

ለ. ዋጋው ከካርዱ ጋር ይስማማል? የእጥፋቱ ጥግ ከተቆረጠ ሁለት ምክንያት ይኖራል፤ ስጦታ የሰጠ ሰው ዋጋውን ቆርጦት ይሆናል፣ ወይም ዋጋ ያልነበረው የክበብ ልባስ መሆኑን ለመደበቅ ተቆርጦ ይሆናል። የተቆረጠ ከሆነ 4.2ን ድገሙት።

ሐ. በማጉያ ፊደሎቹን እዩ። በቀድሞው አታተም ጥቁር ፊደል ወጥ ቀለምና ጥርት ያለ ጠርዝ አለው። ከፎቶ የተቀዳ ፊደል ጠርዙ ይደበዝዛል ወይም በነጥብ ይበተናል። ሥዕሉን ሳይሆን ፊደሉን እዩ፤ ሥዕል በመጀመሪያውም በነጥብ ሊታተም ይችላል።

መ. ክፍሉን አጨልሙና አልትራቫዮሌት አብሩበት። ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ደምቆ ካበራ ወረቀቱ ማንጫ ኬሚካል አለው። እንዲህ ያለ ወረቀት የተስፋፋው ከ1950 ገደማ በኋላ ስለሆነ የ1930 ልባስ እንዲህ ሊያበራ አይገባም። በተቃራኒው ግን አትደምድሙ፤ አላበራም ማለት እውነተኛ ነው ማለት አይደለም።

ሠ. ጉዳቱ ይገጥማል? ልባሱ የተቀደደበት ቦታ ለብዙ ዓመት ክፍት ከነበረ ከሥሩ ያለው ጨርቅ እዚያ ላይ ይደበዝዛል ወይም ይቆሽሻል። ልባሱ የተጎዳ ሆኖ ጨርቁ አዲስ ከመሰለ፣ ወይም ጨርቁ ደብዝዞ ልባሱ ካበራ፣ ሁለቱ አብረው አልኖሩም። የኋላ ዙር መጽሐፍ የመጀመሪያ ዙር ልባስ ለብሶ፣ ወይም በተገላቢጦሽ፣ መሸጡ የተለመደ ነው።

ረ. ከጀርባው የተዘረዘሩትን መጻሕፍት እዩ። ከዚህ መጽሐፍ በኋላ የወጣ ርዕስ ወይም ስለዚሁ መጽሐፍ ጋዜጦች የሰጡት አስተያየት ካለ ልባሱ ምናልባት የኋላ ዙር ነው፤ ካርዱ ይወስናል።

4.4 ሙሉነት

በዘመናዊ መጽሐፍ በብዛት የሚጎድለው ከፊት ያለው ባዶ ቅጠል ነው፤ የቀድሞ ባለቤት ስም ወይም የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ስለነበረበት ተቀድዶ ይወጣል። በጥራዙ መታጠፊያ ውስጥ የቅጠል ርዝራዥ ፈልጉ።

የቆየ መጽሐፍ ከሆነ በገጾቹ ግርጌ የሚታዩትን የላቲን ፊደላት ተከተሉ፤ ጠራዡ የታጠፉትን ወረቀቶች ቅደም ተከተል የሚያውቅባቸው ናቸው። ፊደል ቢዘልል ወዲያው «ጎድሏል» አትበሉ። የቀድሞ አታሚዎች ባለ 23 ፊደል ተራ ስለሚጠቀሙ «ጄ»ንና «ደብልዩ»ን፣ ከ«ዩ» እና «ቪ»ም አንዱን ይተዋሉ። ከእነዚህ ውጭ ከዘለለ ጎድሏል። ሥዕሎቹን ለብቻ ቁጠሩ፤ ተቆርጠው በተናጠል ስለሚሸጡ ብዙ ጊዜ የሚጠፉት እነሱ ናቸው።

4.5 ፊርማ

ደራሲው የሞተበትን ዓመት ከቀለሙ ጋር አስተያዩ። ዛሬ የምንጽፍበት ዓይነት እስክሪብቶ ለገበያ የቀረበው በ1940ዎቹ ስለሆነ ከዚያ በፊት የሞተ ደራሲ በእሱ ሊፈርም አይችልም። ፊርማው ያለበት ቅጠል በሙጫ የገባ እንደሆነ መታጠፊያውን አይታችሁ ለዩ። የእውነተኛነት የምስክር ወረቀት የሚመዝነው የሰጠውን ሰው ያህል ነው፤ ያልታወቀ ሰው ከሰጠው ባዶ ወረቀት ነው።

ደረጃ 5፦ ወስኑ

ሁሉም ከገጠመ ያዙት። አንድ መለያ ነጥብ ወይም ልባሱ ካልገጠመ በዚያው ቀን ለሻጩ ጻፉ፤ የካርዱን ነጥብ፣ ምንጩን፣ የገጹን ፎቶ አያይዙ። አትክሰሱ። ብዙ ሻጭ ሳያውቅ ነው የሚሳሳተው፤ ማስረጃ ሲቀርብለት ይመልሳል። የዋጋ ቅናሽ ቢያቀርብላችሁ ቅናሹን የምትመዝኑት «የኋላ ዙር መሆኑን ባውቅ በዚህ ዋጋ እገዛው ነበር?» ብላችሁ ነው። ምላሽ ዘግይቶ የመመለሻው ቀን ከደረሰ ድርድሩን ሳትጠብቁ መጽሐፉን በመከታተያ ቁጥር ላኩ።

እስክትወስኑ ድረስ እርሳስ እንኳ አታሳርፉበት፣ ምንም አታጽዱ።

ደረጃ 6፦ አስገቡ፣ መዝግቡ፣ አስቀምጡ

አዲስ የገባን መጽሐፍ ከሌሎቹ ጋር አትቀላቅሉ። በተዘጋ ከረጢት ሁለት ሳምንት ለብቻው አቆዩና ደቃቅ ዱቄት፣ ብል ወይም የሻጋታ ሽታ እንዳለው እዩ። በመዝገባችሁ ላይ ከየትና መቼ እንደተገዛ፣ ዋጋውን፣ የሻጩን መግለጫና ካርዱን አብራችሁ አኑሩ። ኋላ ስትሸጡ ወይም ስታወርሱ መጽሐፉን የሚያስከብረው ይህ ሰነድ ነው።

• ልባሱን በጥርት ያለ የፖሊስተር መሸፈኛ አልብሱት። ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ከጊዜ ጋር ኬሚካል ስለሚለቅ ይጣበቅበታል። የመሸፈኛው ማጣበቂያ ልባሱን አይንካ።
• የተቀደደ ልባስ በቴፕ አትለጥፉ። ማጣበቂያው ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ቡናማ ይሆናል፤ የማይወጣ ጉዳት ነው።
• የክፍሉ እርጥበት ከ35 እስከ 50 በመቶ ይሁን፤ ከ65 በላይ ሲያልፍ ሻጋታ ይበቅላል። ከልኩ ይልቅ መዋዠቁ ይጎዳል።
• መደርደሪያው ከግድግዳው ጥቂት ሴንቲሜትር ይራቅ፣ ፀሐይ አይድረስበት።
• ስታወጡ ከአከርካሪው ራስ አትሳቡ። የግራና የቀኙን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋችሁ መሐሉን በሁለት ጣት ያዙት።

አደጋ ሲደርስ

መጽሐፉ ከረጠበ። ሻጋታ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊነሣ ስለሚችል አትዘግዩ። ትንሽ ከረጠበ ቆሞ እንዲከፈት አድርጋችሁ ነፋሻ ቦታ አኑሩት፤ በቅጠሎቹ መካከል ውሃ የሚመጥ ነጭ ወረቀት እያስገባችሁ ቀይሩ። ፀጉር ማድረቂያና ፀሐይ ወረቀቱን ስለሚያኮማትሩ አይሞከሩ። በጣም ከረጠበ ወይም የሚያብረቀርቅ ወረቀት ከሆነ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ በረዶ ቤት አስገቡትና ለጥገና ባለሙያ አስረክቡ። የሚያብረቀርቅ ወረቀት እየደረቀ ሲሄድ ቅጠሎቹ ተጣብቀው አይላቀቁም።

ሻጋታ ከታየ። ለዩት፣ እርጥበቱን አውርዱ። እስኪደርቅ አትንኩት፤ እርጥብ ሻጋታ ሲጠረግ ወረቀቱ ላይ ይሰራጫል። ዱቄት ሲሆን አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ከቤት ውጭ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት።

ብል ከተገኘ። ፀረ ተባይ አትርጩ። መጽሐፉን በወረቀት፣ ከዚያ አየሩ በወጣ የታሸገ ፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ በሚያቀዘቅዝ ማሽን ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩ። በብራና ወይም በቆዳ የተጠረዘ ከሆነ ይህን ራሳችሁ አታድርጉ፤ ለባለሙያ ስጡ። ሲወጣ ፕላስቲኩን ለ24 ሰዓት አትክፈቱ፤ ቶሎ ከተከፈተ በቀዝቃዛው ሽፋን ላይ ጤዛ ይቋጠርበታል። ከዚያ አራግፉ፣ ለብቻው ሌላ ወር አቆዩ፣ አዲስ ዱቄት ከሥሩ ካልታየ ወደ መደርደሪያው መልሱት። በዚያው ወር የግራና የቀኝ ጎረቤቶቹንም አውጥታችሁ እዩ።